ማንንም ያላስቀየመ ቦይ

በአንድ ቀበሌ በልጉ ሳይዘንብ አለፈ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ በነሐሴ አጋማሽ ተቆረጠ። ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። ከብቱ ወደ ሩቅ ዘመድ ተነዳ። ለቀበሌው አርባ ቤት የቀረው በመስኖ የሚለማ የበርበሬ ችግኝ ብቻ ነበር።

በዚያ ቀበሌ አንድ ሰው ነበረ። የውኃ አባት ነው፤ ውኃ በተራ የሚያከፋፍል፣ ሰው በውኃ ሲጣላ የሚዳኝ። ውኃውን ከወንዙ ወደ ማሳው የማድረሱ ነገር በእርሱ ላይ ወደቀ።

በቀበሌው ጉባኤ ሦስት ሽማግሌዎች ሦስት ሐሳብ አመጡለት። አቶ ካሴ ወንዙን ከላይ፣ ከገደሉ አፍ ጠልፈን በሰፊ ቦይ እናውርደው አሉ። አቶ ደርቤ ልጃቸው ከከተማ የላከላቸው የውኃ ሞተር ነበራቸው፤ ከታች በሞተር እንሳበው አሉ። መሪጌታ ሙላት ደግሞ ኩሬ ቆፍረን እናጠራቅም፣ በተራ እንልቀቅ አሉ።

ሰውየው ምን አደረገ? ወንዙን አየ? አፈሩን አየ? የሦስቱን ፊት አየ። አቶ ካሴ የክርስትና አባቱ ናቸው። አቶ ደርቤ ታምሞ ሳለ በበቅሏቸው ሐኪም ቤት አድርሰውታል። መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሩት ናቸው። ማንን እምቢ ይበል?

ስለዚህ ከአንዱ ቦዩን፣ ከአንዱ ሞተሩን፣ ከአንዱ ኩሬውን ወሰደ። ሞተሩ ወደ ኩሬው ይገፋል፤ ኩሬው ወደ ቦዩ ይለቃል። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ጉባኤው በሰላም ሊበተን ሆነ።

አንዲት ሴት ተነሣች። ወይዘሮ ዘርትሁን ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ የምትኖር። ማሳዋ ከሁሉም መጨረሻ ነው።

«ያ ቦይ የተለካው ለወንዝ ነው» አለች። «ሞተሩ የሚተፋው ክንድ የማያህል ውኃ ነው። ደረቁ አፈር ጠጥቶ ጠጥቶ፣ እኔ ጋ ምን ይደርሳል?»

አቶ ደርቤ እርሷ ደግሞ ከመቼ ወዲህ መሐንዲስ ሆነች፣ ባሏም እንዲሁ ነገር ያበዛ ነበር አሉ። ሰው ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም። ወደ ውኃ አባቱ ዞረች።

«አንተ ታውቃለህ። ውኃ ይሉኝታ አያውቅም።»

ያውቅ ነበር። ቦዩ የሚያልፍበትን በእርምጃው ለክቶታል። ነገር ግን እግዚአብሔር ያደርሰዋል ብሎ መለሰላት። ሰማችሁ? የገዛ ሥራውን በእግዚአብሔር ላይ ጣለ።

ሦስት ሳምንት ቆፈሩ። ሞተሩን ሞከሩት፤ ጮኸ፣ ሳበ፤ እልል አሉ። ኩሬውን ሞሉት፤ አላፈሰሰም። ቦዩን ረገጡት፤ አልተናደም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግን ማን ሞከረ? ማንም።

ውኃው የተለቀቀ ቀን ሰውየው በቦዩ ዳር አብሮት ወረደ። እስከ አሥረኛው ማሳ ውኃው ይሮጣል። በሃያኛው ይራመዳል። ከሠላሳኛው በኋላ መዳኽ ጀመረ። ኩሬው እየጎደለ ነው፤ ሞተሩ አልደረሰበትም። ከዘርትሁን በላይ ያለው ጎረቤቷ ጋ ሲደርስ ውኃው ጣት አክሏል።

ሰውየው የጎረቤቷን ማሳ አፍ ሊደፍን ጎንበስ አለ። ጎረቤቷ አካፋውን ተክሎ ቆመ። ተራዬ አላለቀም አለ። ሁለቱ አንድ አካፋ ይዘው ተፋጠጡ። ከላይ ዱላ የያዘ ሰው መጣ። ከታችም መጣ።

«ተዉ» አለች ዘርትሁን። «ለበርበሬ ብላችሁ ደም አታፍስሱብኝ።»

አካፋው ተለቀቀ። ውኃውም እዚያው ሰጠመ።

ሞተሩ አልተሰበረም። ኩሬው አልነቃም። ቦዩ አልተናደም። ሁሉም ደኅና ነው። የእርሷ ችግኝ ግን በሦስተኛው ቀን አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ ጥፋቱ ወዴት ነበረ? በሞተሩ ነው ትላላችሁ? በኩሬው ነው? ጥፋቱ በመካከላቸው ነበረ። አንዱ ለሌላው ስንት እንደሚሰጥ፣ ሌላው ስንት እንደሚፈልግ የጠየቀች አንዲት ሴት ነበረች፤ ተሳቀባት።

መሬቷን ምርቱን ለሚካፈላት ለእኩል አራሽ ሰጠች። በሰው ማሳ አረም ስታርም ሰባት ዓመት ኖረች። ሰውየው በዚያ ሲያልፍ ሰላምታውን ወደ መሬት ይሰጥ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ሰማይ ደግሞ ተዘጋ። ሞተሩ ተጠግኖ ተቀምጧል፤ ቦዩ ደለል ሞልቶታል። እንደገና ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ያንኑ ሦስት ሐሳብ ይዘው መጡ። ሰውየው ተነሣ።

«ያን ጊዜ ዘርትሁን ልክ ነበረች። አውቄ ዝም አልሁ። ፊታችሁን ፈርቼ ማሳዋን አደረቅሁት።»

ከዚያ ሁሉንም ወደ እርሷ ማሳ ይዟቸው ወረደ። እያንዳንዱ ሽማግሌ እዚህ ቆሞ፣ ውኃው እዚህ እንዴት እንደሚደርስ ከዚህ ወደ ላይ እየቆጠረ ይንገረን አለ። ሞተሩን በጀሪካን ለኩት። ፀሐይ ከኩሬው የሚወስደውን ውኃ በእንጨት ምልክት ለኩት። የቆመው ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ የገደሉ አፍ ጠለፋ፣ ቦዩ ጠብቦ፣ ወለሉ በድንጋይ ተነጥፎ።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተቀበሉ። አቶ ደርቤን ግን ሰውየው ፊት ለፊት እምቢ አላቸው። የልጄን ሞተር ናቅህ ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሁለት ዓመት ሰላምታ ነሡት። ቻለው።

እናንተስ?

ጾማችሁ ደኅና ነው። ጸሎታችሁ ደኅና ነው። ምጽዋታችሁም አይታማም። ከአንዱ ወደ አንዱ ግን ምን ይፈስሳል? በጾም ከገበታችሁ የቀረው እህል ወደ ተራበው ሄደ ወይስ በጎተራችሁ ሰጠመ? በጸሎት የለመናችሁት ይቅርታ ወደ ባለ እዳችሁ ወረደ?

ቤታችሁን ስትመሠርቱ፣ ልጅ ስትድሩ፣ እድር ስታቋቁሙ ከማን ፊት ትጀምራላችሁ? ከትልቁ ሰው ፊት? እኔ እላችኋለሁ፤ ከመጨረሻው ማሳ ጀምሩ። እዚያ ቁሙ። ካልደረሰ አልሠራም በሉ። እምቢ ማለት ካለባችሁ በጊዜው በሉ፤ አፍራችሁ ያስቀራችሁት እምቢታ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ይወድቃል።

አዲሱ ቦይ አልቆ ውኃው የወረደ ቀን ማን ቀድሞ አጠጣ ትሉኝ ይሆናል። ልማዱ ከላይ መጀመር ነበር። ሰውየው የሠላሳ ዘጠኙን ማሳ አፍ በሣር ደፈነ። አካፋ ያነሣ አልነበረም። ዘርትሁን መሬቷን ከእኩል አራሹ ተረክባ ፈር አውጥታ ትጠብቃለች።

«የዚያን ዓመት ተራሽ ነው» አላት፤ ከፈተላትም።

ዶማዋን ይዛ ውኃውን እየመራች ገባች። የመጨረሻው ፈር እስኪሞላ በቦዩ አፍ ቆመላት።