የሙጪት መጅና የሾላው ደም መላሽ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረቴ ጅራቱ ረጅም ነው፤ መሃል ላይ ያቋረጠኝ ሰው ካለ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ፣ ኋላ እንዳታማርሩ። ጆሯችሁን ለእኔ ስጡ፣ አፋችሁን ለራሳችሁ ያዙ።

ሙጪት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ የሰው እህል እየፈጨች የምታድር፣ ቁመቷ አጭር ምላሷ ረጅም ሴት። ያላት ነገር ሁለት ነው፦ አንደኛ ትርንጎ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ፤ ሁለተኛ ከእናቷ የወረሰችው ወፍጮ። በወፍጮው ላይ የሚገፋው ጥቁር መጅ ከእናቷ እጅ ብዛት ለስልሶ ለእሷም እጅ ልክ ሆኖላት ነበር። እሷ ስትፈጭ ትርንጎ አጠገቧ ተቀምጣ ትዘፍናለች፤ መንገደኛው ሁሉ ያንን ድምፅ ለመስማት አጥሩ ሥር ቆም ይል ነበር።

አንድ ቀን የአገሩ ጭቃ ሹም አንለይ በዚያ ሲያልፍ መጁን አየው። የቤቱ መዝጊያ ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተላተመ አስቸግሮት ኖሯል። «ይህ ለመዝጊያዬ ማስደገፊያ ይሆነኛል» ብሎ አንስቶት ሄደ። በቃ። ድንጋይ ጠፍቶ ነው እንዳትሉ፣ አገሩ በሙሉ ድንጋይ ነው።

ሙጪት ደጁ ድረስ ሄዳ ጌታው፣ ያለ መጅ አልፈጭም፣ ካልፈጨሁ ልጄ ምን ትብላ ብላ ለመነችው። ሳቀባት። ክሰሽኝ አላት፤ የሰፈሩ ዳኛም እሱ ራሱ ነው። ሙጪት የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና ቋጠረች። «ይችን ለእርስዎ ቋጥሬያታለሁ» አለችው።

ጭቃ ሹም መጅ አልመልስም አለ። ምን ታድርግ?

ከመንደሩ በላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ሾላው ውስጥ ደም መላሽ የሚሉት ይኖራል። መልኩን ያየ የለም። የተበደለ ሰው ሲሄድበት በዳዩን ይመታል፣ አይስትም። ዋጋው ግን የልጅ ድምፅ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የአበሩ አባት በድንበር ተጣልቶ ሄደበት። ጎረቤቱ በጠራራ ፀሐይ መብረቅ መታው፤ በዚያችው ሰዓት ትንሿ አበሩ አባቷን እየጠራች አፏ እንደተከፈተ ድምፅ አጣ። ዛሬ አበሩ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ገመድ ገምዳ ትኖራለች፣ ከዚያ ወዲህ ከአፏ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ሙጪት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም ተናዳ ነበርና ወጣች። ደም መላሽም ከሾላው ጉድጓድ ውስጥ በሕፃን ድምፅ አናገራት፤ የራሱ ድምፅ የለውማ፣ የሰው ነው።

«ጭቃ ሹሙን በሦስት ቀን አፈር አለብሰዋለሁ። የትርንጎን ድምፅ ስጪኝ» አላት።

ሙጪት ፈራች፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ ግን ንዴቷ ተመለሰላት።

«አልሰጥም። እኔ መጄን ነው የፈለግሁት። ለድንጋይ ብዬ ልጄን አፏን አላዘጋትም» አለችው።

እንግዲያው ያለ ዋጋ አልመታም አላት። ሙጪት ነጠላዋን ሁለተኛ ቋጠረች። አንተም ተቋጥረሃል፣ እንዳትረሳ ብላው ወረደች።

ከእንጨት ፈላጩ ቤት ግድግዳ ላይ ምሳር ተደግፎ አገኘች። ምሳር ሆይ፣ ጭቃ ሹም መጅ አልመልስም አለ፣ ደም መላሽ ያለ ዋጋ አልመታም አለ፤ እባክህ ሾላውን ቁረጥልኝ አለችው። ምሳር ሾላውን ሲያስብ እጀታው ተንቀጠቀጠ። ደም መላሽ ተቆጥቶ ቋ ቋ የምልበትን ድምፄን ቢወስድብኝስ፣ እኔ የለሁበትም አለ። ሦስተኛ ቋጠሮ።

ወደ ቀጥቃጩ ምድጃ ሄደች። እሳት ሆይ፣ ጭቃ ሹም መጅ አልመልስም አለ፣ ደም መላሽ ያለ ዋጋ አልመታም አለ፣ ምሳር ሾላ አልቆርጥም አለ፤ የምሳሩን እጀታ አቃጥልልኝ። እሳትም መንጣጣቴን ቢወስድብኝ ዝም ብሎ የሚነድ እሳት ማን ይፈራዋል ብሎ አመዱን ተከናነበ። አራተኛ። ዓይንህን ላፈር ብላው ወጣች።

ወደ ምንጩ ወረደች። ውሃ ሆይ፣ ጭቃ ሹም መጅ አልመልስም አለ፣ ደም መላሽ ያለ ዋጋ አልመታም አለ፣ ምሳር ሾላ አልቆርጥም አለ፣ እሳት ምሳር አላቃጥልም አለ፤ እሳቱን አጥፊልኝ። ውሃ መንፏፏቷን ወደደች፣ እሷም እምቢ አለች። አምስተኛ።

ምንጩ አጠገብ ቦራ በሬ ቆሞ ያመሰኳል። በሬ ሆይ፣ ጭቃ ሹም መጅ አልመልስም አለ፣ ደም መላሽ ያለ ዋጋ አልመታም አለ፣ ምሳር ሾላ አልቆርጥም አለ፣ እሳት ምሳር አላቃጥልም አለ፣ ውሃ እሳት አላጠፋም አለች፤ ምንጩን ጠጥተህ ጨርስልኝ። በሬ ደግሞ ላሞቹን የምጣራበት ድምፅ ቢቀርብኝ ምን ሆኜ እኖራለሁ አለ። ስድስተኛ። ነጠላዋ አለቀ እኮ።

ከአበሩ በር ላይ አዲስ ገመድ ተንጠልጥሎ አየች። ገመድ ሆይ፣ ጭቃ ሹም መጅ አልመልስም አለ፣ ደም መላሽ ያለ ዋጋ አልመታም አለ፣ ምሳር ሾላ አልቆርጥም አለ፣ እሳት ምሳር አላቃጥልም አለ፣ ውሃ እሳት አላጠፋም አለች፣ በሬ ውሃ አልጠጣም አለ፤ በሬውን እሰርልኝ። ገመድ እንኳ የሚወሰድበት ድምፅም የለው፤ ስንፍና ነው። ተንጠልጥዬ ደልቶኛል፣ ምን በወጣኝ አለ።

ሙጪት ሰባተኛውን ቋጥራ አበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች፤ አለቀሰችም። አበሩ ከቤት ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሙጪት ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያሳየች ነገረቻት፦ ጭቃ ሹም መጅ አልመልስም አለ፣ ደም መላሽ ያለ ዋጋ አልመታም አለ፣ ምሳር ሾላ አልቆርጥም አለ፣ እሳት ምሳር አላቃጥልም አለ፣ ውሃ እሳት አላጠፋም አለች፣ በሬ ውሃ አልጠጣም አለ፣ ገመድ በሬ አላስርም አለ።

አበሩ ሁለተኛዋን ቋጠሮ በጣቷ ነካች። ከዚያ የራሷን ጉሮሮ ነካች። አገሩ በሙሉ ደም መላሽን ይፈራል፤ ከአበሩ ግን የሚወስደው ምን ቀረው? ተነሳች፣ ገመዱን ከተሰቀለበት አወረደች፣ የገመደችውን በገዛ እጇ መፍታት ጀመረች።

ያኔ ጉድ ፈላ። ገመድ አትፍቺኝ፣ በሬ አስራለሁ አለ። በሬ አትሰረኝ፣ ውሃ እጠጣለሁ አለ። ውሃ አትጠጣኝ፣ እሳት አጠፋለሁ አለች። እሳት አታጥፊኝ፣ ምሳር አቃጥላለሁ አለ። ምሳር አታቃጥለኝ፣ ሾላ እቆርጣለሁ አለ። ሙጪትም እየሮጠች ቋጠሮዎቿን ትፈታለች፦ የገመድን፣ የበሬን፣ የውሃን፣ የእሳትን፣ የምሳርን።

ምሳር ሾላው ላይ ቋ ሲል ደም መላሽ በብዙ ሕፃን ድምፅ ባንዴ ጮኸ። ተዪኝ፣ ያለ ዋጋ እመታልሻለሁ፣ ጭቃ ሹሙን አሁኑኑ እገድልልሻለሁ አለ።

«መግደልህን ማን ጠየቀህ?» አለች ሙጪት። «አፍህ ውስጥ ያለው የሰው ነው። ትፋው።»

ምሳር ቋ አለ። ደም መላሽ አልተፋም። ቋ አለ። ወይ ፍንክች። በሦስተኛው የሾላው ጉድጓድ ተሰነጠቀና ድምፆቹ ተንጫጭተው ወጡ፤ እያንዳንዱም የገዛ ቤቱን እየፈለገ ቁልቁል ወረደ። ደም መላሽ ከዚያ ወዲህ የሚናገርበት የለውም፤ ድምፅ የሌለውን ደግሞ ማንም አይለምነው።

ሙጪትና አበሩ በቀጥታ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ሄዱ። አንለይ መዝጊያው ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ መጁ እግሩ ሥር ነው። ሙጪት ልትናገር ስትል አበሩ ቀደመቻት። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ያኔ የተወሰደባት የአምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ጌታው የለ፣ እርስዎ የለ፤ ሕፃን ይህን መቼ ያውቃል።

«መጇን መልስላት።»

አንለይ ፊቱ አመድ መሰለ። ደም መላሽን ዝም ያሰኙ ሴቶች ደጁ ላይ ቆመዋል። ጎንበስ ብሎ መጁን አነሳና በሁለት እጁ ሰጣት። ይኸኔ ነፋሱ መጣ፤ መዝጊያው ድርግም ብሎ አፍንጫውን አገኘው።

ሙጪት የእሱንም ቋጠሮ ፈታች። ማታ ሳይደርስ ወፍጮው ላይ ነበረች፤ ትርንጎ ዘፈነች፣ አበሩም አብራ ዘፈነች፣ ከአጥሩ ውጭ የቆመ ሰው ሁለት ሕፃናት ያሉ ነው የሚመስለው። የደም መላሽን ቋጠሮ ግን ሙጪት እስክትሞት አልፈታችውም። እንደተቋጠረ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ትስምበት ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ቋጥሬያለሁ፤ የሚፈታው ካለ ከመጀመሪያው ያውራው።