ይቅር ያላለው ውሻ

አንድ ሰው ነበረ፤ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያለው። እንዴት ያለ ጉድጓድ! መንደሩ ሁሉ ቢቀዳው፣ ግመል ቢጠጣው፣ ዝሆን ቢታጠብበት አንድ ጣት አይቀንስም። ዝሆኑን እኔ አላየሁትም። ጉድጓዱን ግን አይቻለሁ።

ይህ ሰው ጓንጉል የሚባል ሽንኩርት አልሚ ጎረቤት ነበረው። ጓንጉል አንድ ቀን ድንበር ላይ የቆመውን የሰውዬውን ባሕር ዛፍ ሳይጠይቅ ቆረጠና ለቤቱ ምሰሶ አደረገው። በቃ፣ ተኳረፉ።

ሰውዬው ምን አደረገ? ከሰሰ? አልከሰሰም። ውሻ አሳደገ! ስሙንም "ማን ይገባል" አለው። በአገራችን ለውሻ ስም ሲወጣ ለውሻው እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ለጎረቤት ነው። "ማን ይገባል፣ ና!" ብሎ በተጣራ ቁጥር ጓንጉል ከአጥር ማዶ ጥርሱን ያፋጫል።

ውሻውም የዋዛ ውሻ እንዳይመስላችሁ። ጅብ እንኳ በዚያ ደጃፍ ሲያልፍ ጫማውን አውልቆ ነበር ይባላል።

ራት ሲበላ ደግሞ ሰውዬው ቁራሽ ያነሣና፣ "ማነው ሌባው?" ብሎ ይጠይቃል። "ጓንጉል!" ብሎ ራሱ ይመልስና ቁራሹን ይወረውርለታል። ውሻው ያንን ስም ከእንጀራ ጋር ዋጠው። ኋላማ "ጓንጉል" ሲባል ጠጉሩ እንደ ጃርት ይቆም ጀመር።

እግዚአብሔር ደግ ነው፣ ሽማግሌዎች ገቡ። ጓንጉል እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር!" ብሎ ከሰውዬው እግር ሥር ወደቀ። ሰውዬውም አነሣው። "ለእግዚአብሔር ስል ይቅር ብያለሁ" አለ፤ አለቀሰም። ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አለቀ።

አለቀ? ምኑ አለቀ!

መጋቢት መጣ። የጓንጉል ጉድጓድ ደረቀ። የሽንኩርት ችግኙ መደቡ ላይ እንዳለ ጠውልጎ ተኛ። ያ ችግኝ ሞተ ማለት የዓመት ጉርስ ሞተ ማለት ነው፤ ጓንጉል ደግሞ የልጆች አባት ነው። ጀሪካኑን ይዞ ወደ ታረቀው ሰው በር መጣ።

"ቤቶች! ኧረ ውሻ ያዙ!"

ሰውዬው ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ "ግባ ወንድሜ! ቤቱም የአንተ ነው፣ ውሃውም የአንተ ነው!" አለው።

"በምን በኩል ልግባ? ይሄው በሩ ላይ ቆሞ የለም እንዴ!"

"ግባ እባክህ፣ አይነካህም።"

ጓንጉል አንድ እግሩን አስገባ። እግሩ ተመለሰ፤ የሱሪው ግማሽ ግን እዚያው ቀረ።

"አንተ ሰው! ይቅር አላልከኝም እንዴ?"

"እኔማ ብያለሁ! ውሻው ነው እንጂ። እሱ ሽማግሌ አልተቀመጠለትም፣ ምን ላድርግ?"

ጓንጉል ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ።

የሰውዬው ሚስት ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ከጓዳ ወጣች። "አንተ፣ ውሻው ምን በደለህ? ይኸ ፍጡር ጓንጉልን በምን ያውቀዋል? ባሕር ዛፉ የሱ ነበር? በየገበታው ጥል ያጎረስከው አንተ! አሁን አንተ ታረቅህና ቂሙን ለውሻ አወረስከው!"

ሰውዬው ለማስተካከል ሞከረ። "ስማ፣ ማን ይገባል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጓንጉል..." ከማለቱ ውሻው ዘሎ አጥሩ ላይ ወጣ። በሰንሰለት ቢያስረው የታሰረበትን ግንድ ነቅሎ፣ ግንዱን እየጎተተ መንደሩን ዞረ። ውሸት ነው የሚል ካለ ግንዱን ይጠይቅ።

ታዲያ ምን ቀረው? ምክር እምቢ፣ ሰንሰለት እምቢ። ችግኙ ደግሞ እየሞተ ነው።

ሰውዬው ተነሣ። ልብ በሉ፣ ተነሣ! ራሱ በቤቱ ጀሪካን ቀዳ፣ በገዛ ትከሻው ተሸከመ፣ ከበሩ ወጣ። ውሻው ከኋላ ከኋላው።

ያየው ሁሉ ሳቀበት። "አያ! ዛፍህን ቆረጠ፣ አሁን ደግሞ ውሃ ቀጂው አደረገህ?" አለው አንዱ። "ነገ እግሩን እጠብለት!" አለው ሌላው።

"ጌታዬ ካጠበ እኔ ማን ነኝ!" ብሎ አለፈ።

ጀሪካን ከባድ ነው፤ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ደከመው። የት ያሳርፈው? የዚያ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ አለ። ስንት ዓመት ባየው ቁጥር ደሙ የሚፈላበት ጉቶ! ጀሪካኑን እዚያ ላይ አሳረፈ። "ለካ ለዚህም ይሆናል" አለ።

ጓንጉል ውሻውን ሲያይ ምን አደረገ? ዘሎ የዶሮ ቆጥ ላይ ወጣ። ከዶሮዎቹ መሃል ሆኖ፣ "አያ፣ በእናትህ ውሃውን አስቀምጥና ውሻህን ይዘህ ሂድልኝ!" አለ።

"አልሄድም። የባሰበት መደብ የትኛው ነው?"

"የ... የግራው።"

ሰውዬው ተንበርክኮ፣ በእፍኙ እየጨለፈ፣ ችግኝ በችግኝ አጠጣ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ጓንጉል፣ ራበኝ። ከቤትህ ቁራሽ አቀብለኝ" አለ።

ጓንጉል ሚስቱን ተጣርቶ ዳቦ አስመጣ፤ ከቆጡ ላይ እጁን ዘርግቶ ሰጠው። ሰውዬው ግማሹን በላ፣ ግማሹን ለውሻው ቆረሰ። "ከጓንጉል ነው" አለው። ውሻው አሸተተ። አጉረመረመ። በላ።

በማግሥቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። ጓንጉል ከቆጡ ወረደ። ቁራሹን በራሱ እጅ ለውሻው ይሰጥ ጀመር፤ መጀመሪያ ከሩቅ እየወረወረ፣ ኋላ አጠገቡ ቁጭ ብሎ። ሽንኩርቱም ራሱን ቀና አደረገ።

አንድ ጠዋት ጓንጉል "ውሻ ያዙ" ሳይል፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሰተት ብሎ ገባ። ውሻው ተነሣ። ደብሪቱ "ወይኔ!" ብላ ዓይኗን ሸፈነች። ውሻው የጓንጉልን እጅ አሸተተ፣ ጭራውን ቆላ፣ ተመልሶ ተኛ። ሰውዬው አለቀሰ። በሽማግሌዎቹ ፊት ካፈሰሰው ይልቅ ይኸኛው እንባ ይሞቅ ነበር አሉ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ?

"ይቅር ብያለሁ" ብላችኋል፤ ሰምተናል። በራችሁ ላይ የቆመው ግን ምንድን ነው? ልጃችሁ የእነ እገሌን ልጅ ሰላም የማይለው ማን አስተምሮት ነው? የእገሊት ስም ሲነሣ እህታችሁ ከንፈሯን የምታጣምመው ከማን አፍ ሰምታ ነው? እናንተ ታርቃችኋል፤ ቤታችሁ ግን ይናከሳል!

"ጠላትህ ቢጠማ አጠጣው" ነው የሚለው መጽሐፉ። "ከመጣ ይጠጣ" አይልም።

ጌታስ እኛን ይቅር ሲል ከዙፋኑ ሳይነሣ "ግቡ፣ አይነካችሁም" አለን? አላለንም። ተነሣ። ወጣ። መጣ። ሸክሙን በገዛ ትከሻው አደረገ፤ እየተሳቀበት ተሸከመ።

ስለዚህ ዛሬ ራት ላይ ያንን ስም አንሡት። አዎ፣ እሱኑ፣ አሁን ወደ ልባችሁ የመጣውን። ቤተሰቡ ሁሉ እየሰማ በደግ አንሡት፤ ያደረገላችሁን አንድ መልካም ነገር ፈልጋችሁ ተናገሩለት። ትንሽ ያንቃችኋል፤ አይገድላችሁም። ነገ ደግሞ ከቤታችሁ ካለው ይዛችሁለት ሂዱ፤ ጎመንም ቢሆን፣ ሽሮም ቢሆን፣ የታመመበት ካለ መጠየቅም ቢሆን። እስኪመጣ አትጠብቁ። ቢጠረጥራችሁ አትቀየሙ፤ ይህን ያህል ዓመት መፍራትን ያስለመዳችሁት እናንተ ናችሁ።

በማግሥቱም ሂዱ።