በቀይ ዐለት ውስጥ የተንጠለጠለው ዓምድ

ምእመናን ሆይ፥ እመቤታችን ለደከመ አገልጋይዋ ያደረገችውን እንነግራችኋለንና የቆማችሁ ተደገፉ፥ የደከማችሁም ተቀመጡ።

አምባ ቀይሕ በሚባል አገር አባ ዘርአ ጽዮን የተባለ መነኩሴ ነበረ፤ እመቤታችንን እጅግ ይወዳት ነበርና በስሟ ከአንድ ዐለት ቤተ ክርስቲያን ሊፈለፍል ተስሎ፥ ፀጉሩ ጥቁር ሳለ መሮ አነሣ፥ ሲሸብትም አላስቀመጠም። የየዕለት ልማዱም ይህ ነበረ፦ ጎሕ ሲቀድ እየፈለፈለ ከሚያድርበት ዐለት ደጃፍ ይወጣና ማዶ ወደ ቆሙት ዐለቶች ዐይኑን ያነሣል። እነርሱም ከሜዳው እንደ ጧፍ ቀጥ ብለው የወጡ፥ ነፋስና ዝናም ወገባቸውን ያቀጠነባቸው፥ ቀይና ነጭ መስመር እንደ ጥለት የዞራቸው ነበሩ፤ ፀሐይም ጫፋቸውን ስትነካ ቅላቱ ቀስ እያለ ወደ እግራቸው ይወርድ ነበር። እርሱም «ይህን ያለ መሮ ያቆመውን የወለድሽ ሆይ፥ ሰላም ላንቺ ይሁን» ይላል። ከዚያም ጣቱን በነጭ አፈር ነክሮ ወደ ሥራው ይገባል።

ከዐለት ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣ ሰው ዓምድ አያቆምም፥ ይተዋል እንጂ፤ ዙሪያውን ይጠርብና የተተወው ዓምድ ይሆናል። የተቈረጠ ዐለት ደግሞ አይቀጠልም። ስለዚህ አባ ዘርአ ጽዮን የሚተወውን ዐለት በየማለዳው በነጭ አፈር ያሰምርበት ነበር፥ አቧራው በየማታው ምልክቱን ይሸፍነዋልና።

ዘመኑም ረዘመ፥ ትከሻው ጎበጠ፥ ደረቱም አቧራ ብቻ ያስል ጀመር። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፥ ሕዝቡም በነጋታው በኪዳነ ምሕረት በዓል የመጀመሪያውን ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ሲሰናዱ፥ አባ ዘርአ ጽዮን ወደ ደጃፉ ሊወጣ ቢነሣ እግሩ እምቢ አለው። «ዐለቶቹን አይቻቸዋለሁ፤ ዛሬም ያው ናቸው» አለና ሰላምታውን እዚያው እንደ ተቀመጠ አደረሰ፥ ነጩንም አፈር ሳይነካ በመብራት መጥረብ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሲጠርብ ልቡ ደነዘዘና የመካከለኛውን ዓምድ እግር ትርፍ ዐለት መስሎት ከወለሉ ቈረጠው። ያወቀውም መብራቱ በዓምዱ ሥር አልፎ ማዶውን ግድግዳ ሲያበራ ባየ ጊዜ ነው። ከዚያም ከጣሪያው እንደሚሰበር ደረቅ እንጨት ድምፅ መጣና ስንጥቅ ከመቅደሱ እስከ ደጃፉ ሮጠ።

እርሱም ከተንጠለጠለው የዓምድ ጉማጅ ሥር ተቀምጦ «እመቤቴ፥ ነገ ሕዝብሽ ይገባል። ብነግራቸው ዕድሜዬ ከንቱ ነው፥ ባልነግራቸው ይሞታሉ። እኔ ደግሞ ደክሞኛል» አለ።

ያን ጊዜም እግሯ እንደ መንገደኛ አቧራ የለበሰ አንዲት ሴት ገባች፥ ጉማጁንም ቀና ብላ አየችና መዳፏን ከሥሩ አኖረች።

«ዛሬ አልወጣህም» አለችው።

«ደክሞኝ ነው፥ እናቴ።»

«ዐውቃለሁ፤ ጠብቄህ ነበር። በል አሁን ወጥተህ ዐለቶቹን አይተህ ና፤ እስክትመለስ እኔ እይዘዋለሁ።»

«እጅሽ ይዝላል።»

«ከዚህ የሚከብድ ይዣለሁ።»

እርሱም ወጣ። ዕድሜውን ሁሉ በማለዳ እንጂ በሠርክ አላያቸውም ነበር፤ በሠርክ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነበርና። አሁን ግን ጥላ ከእግራቸው ተነሥቶ ሲወጣ፥ ብርሃኑም እየሸሸ ጫፋቸው ላይ ሲሰበሰብ አየ። ከመካከላቸው አንዱ አናቱ ሰፊ አንገቱ ቀጭን ነበረ፥ ምን ደግፎ እንዳቆመውም አይታወቅም፤ እርሱን ሲያይ አባ ዘርአ ጽዮን አለቀሰና ከብዙ ዘመን በኋላ ትከሻው ዐረፈ። ሊመለስ ሲነሣ ግን «እስክትመለስ» ያለችው ትዝ አለውና ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ።

አብሮት የሚኖር አባ ሐዋዝ የሚባል መነኩሴ ውኃ ቀድቶ ሲመጣ አገኘው። «አባቴ፥ ምነው ከደጅ? ይበርድዎታል፤ ይግቡ እንጂ» አለው።

«ከገባሁ ትለቀዋለች» አለና ሁሉን ነገረው። አባ ሐዋዝ አንገቱን አስግጎ ቢያይ ሴት የለችም፤ ዓምዱ ግን እግር ሳይኖረው ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ነበር። ተመልሶም «እንግዲያው እኔም አልገባ» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ።

በነጋም ጊዜ ሕዝቡና ካህናቱ ታቦቱን ይዘው መጡ፥ አባ ዘርአ ጽዮንም ጥፋቱን አንድም ሳይሰውር ነገራቸው። ሕዝቡ አጉረመረመ፥ አንድ ገበሬም «ይህን ሁሉ ዘመን ጠርበው ጠርበው በደጅ ሊያስቀድሱን ነው?» አለ። እማሆይ ወለተ ሐና የሚሏቸው አሮጊት ግን በትራቸውን አንሥተው «እናንተ ቁሙ። እሷ ይዛ ስታድር እኔ ከውጭ ቆሜ ላሳፍራት?» አሉና ገቡ። ካህናቱም ተከተሏቸው፥ ከዚያም ሕዝቡ ሁሉ ገባ፥ አባ ሐዋዝም ዐይኑን ጨፍኖ ገባ።

አባ ዘርአ ጽዮን ብቻ ከደጃፉ ቀረ። ሊቈርብ ይናፍቃል፥ ቢገባም የዚያን ሁሉ ሰው ደም ይፈራል። ሥጋ ወደሙ በቀረበ ጊዜ ግን ከዜማው መካከል የዚያች ሴት ድምፅ ጠራው፦ «ና ግባ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዝሁት እኔ ነበርሁ።»

እርሱም ገባ። ከስንጥቁ ጥቂት አቧራ በራሱ ላይ ረገፈ፥ ሌላ ግን ምንም አልወደቀም። ቈርቦም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፥ እመቤታችንንም በቀስታ አመሰገናት፥ ከዚያም ወዲያ መሮ አልያዘም። ማለዳና ሠርክ ከደጃፉ ተቀምጦ ዐለቶቹን እያየ ዕድሜውን ፈጸመ። የዚያ አገር ሰዎችም ፊታቸውን ወደ ዐለቶቹ መልሰው ሳያዩ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ ጉልበታችሁ ሲዝልና ያሰመራችሁት ምልክት ሲጠፋባችሁ መዳፏ ከሥራችሁ አይታጣ፤ ያነበበውንም፥ ያዳመጠውንም፥ ሲሰማ ያንቀላፋውንም በምልጃዋ ታሳርፈው፥ ለዘለዓለሙ አሜን።