መጀመሪያ ዋሻው ይናገር

አንድ ጊዜ ልጄ ሶስና «እማዬ፣ ሩቅ ያለ በር ስታንኳኪ እሱ ማን እንደሆንሽ ይጠይቅሻል። አንቺስ በሩ የማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራዋ ሰዎች ከሩቅ ሆነው የሚገቡባቸውን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቁልፍ አለው፤ በር መክፈቻ ሳይሆን ማንነቱን ማስመስከሪያ። በዚያ ቀን የአንዱን ቁልፍ ለማንም ሳትነግር ቀይራ፣ አንድ ሠራተኛ «ይህን አላውቀውም፣ አልገባም» ስላላት ተናዳ ነበር የመጣችው። እኔም በዚያው ሳምንት አዲስ የስልክ ቁጥር አውጥቼ ስደውል፣ እህቴ እታፈራሁ ጆሮዬ ላይ ስለዘጋችብኝ ተቀይሜአት ነበር። የኮምፒውተሩን ነገር ሶስና ታውቃለች፤ እኔ ያለኝ ተረት ነው፤ እሱን ነገርኳት።

ከወንዝ ማዶ ባለ ገደል ላይ አፋቸው የሚመሳሰል ብዙ ዋሻዎች ነበሩ። ከነዚያ አንዱ የእንስሳት ማደሪያ ነው፤ ጠባቂው አያ ጃርት። በክረምት ጉም ሲወርድ አንዱን ዋሻ ከሌላው መለየት ስለማይቻል ሥርዓት አበጁ። መንገደኛ ከውጭ ሆኖ ይጣራል። ጃርቱ ከውስጥ ያስቀመጠውን፣ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኽ ድንጋይ ይመታል። የዚያ ድንጋይ ድምፅ ሌላ የትም የለም። መንገደኛው ድምፁን ሲያውቀው ብቻ የራሱን የሚስጥር ቃል ያንሾካሹካል፤ ያኔ ጃርቱ የእሾህ አጥሩን ገለጥ ያደርግለታል። ቃሉን የያዘ ማንም ይገባል። ስለዚህ ቃል በተሳሳተ ጆሮ ከገባ፣ ዋሻው ውስጥ ላሉት ሁሉ አለቀላቸው ማለት ነው።

እመት አህያ ልጇን፣ ትንሿን ውርንጭላ፣ እዚያ አስጠብቃ እህል ለመጫን ቆላ ወረደች። በሄደች ማግስት ድንጋዩ ተሰነጠቀ። ጃርቱ አሮጌውን ወደ ጥግ ገፋና ሌላ አመጣ። ማታ የገቡት «ምነው ድምፁ ተለወጠ?» ሲሉት «እኔው ነኝ፣ ግቡ። ዝናብ ላይ ቆማችሁ ድንጋይ ትመረምራላችሁ?» አላቸው። እያጉረመረሙ ገቡ።

እመት ቀበሮ ይህን ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ሰማች። ወደ ጅቡ ሮጠች።

«አያ ጅቦ፣ እራትህ ተገኘ።»

«የታለ?»

«ቆይ፣ ስማኝ። እነዚህ ከእንግዲህ ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ ያምናሉ። ወደ መንገዱ ቀረብ ያለው ባዶ ዋሻ ውስጥ እንቀመጣለን። አህያዋ ስትመለስ እኔ ድንጋይ እመታለሁ፣ እሷ ቃሏን ትነግረናለች፣ አንተ ቃሉን ይዘህ ከማደሪያው ትገባለህ።»

«አህያዋን እዚያው ብበላትስ?»

«እሷን ብትበላ አንድ እራት ነው። ቃሏን ብታገኝ ዋሻ ሙሉ ነው።»

ጅቡ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰ። «እሺ፣ ግን ቶሎ ይሁን።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ ሳለ አህያዋ መጣች። እግሯ ዝሏል፣ ጡቷ ወተት አግቷል።

«አያ ጃርት፣ አሰማኝ» ብላ ተጣራች።

ቀበሮ ድንጋይ መታች።

«ይሄ ያንተ ድንጋይ አይደለም።»

«ያኛው ተሰነጠቀ፣ እመት አህያ» አለች ቀበሮ ድምፅዋን አጎርንና። «ሁሉም በአዲሱ እየገባ ነው። ሚዳቋን ጠይቂ።»

ነገሩ እውነት ስለሚመስል አህያዋ አመነታች። «እንግዲያው የተሰነጠቀውን አሰማኝ።»

«የተሰነጠቀ ድንጋይ ምን ያደርግልሻል?»

«ቢሰነጠቅም አውቀዋለሁ። እሱ ያለበት ቤት ቤቴ ነው።»

«ወርውሬዋለሁ።»

«ሳትነግረን?»

«እሺ፣ የድንጋዩን ነገር ተዪው» አለች ቀበሮ እየለሰለሰች። «እንደ ድሮው እንነጋገር። አያቶችሽ ድንጋይ ሳያስመቱ፣ ከደጅ ቃላቸውን ብቻ ተናግረው አልነበር የሚገቡት?»

«አዎ። እነሱን ነው ጅብ የጨረሳቸው።»

ከውስጥ ሌላ ድምፅ ወጣ። «ኧረ ቃሉን ትበል፤ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ።»

«አያ ጃርት» አለች አህያዋ፣ «እንግዳ አለብህ እንዴ?»

«ታሞ ነው፤ ይቃዣል።»

አህያዋ ዞራ መሄድ ጀመረች። ጅቡ አላስቻለውም። ቀበሮ ለማስመሰል በዋሻው አፍ የደረደረችው እሾህ ውስጥ ዘሎ ገባና እዚያው ተሰክቶ ቀረ። ቀበሮ በጎን ሾልካ ሄደች።

አህያዋ ጉሙን እየዳበሰች ወደሚቀጥለው ዋሻ ደረሰችና ተጣራች። ከውስጥ ድንጋይ ተመታ። ይህም እንግዳ ድምፅ ነው። ባለችበት ቆመች።

«ምን ይገትርሻል? እኔ ነኝ» አለ ጃርቱ። «ድምፄ ጠፋሽ?»

«ድምፅማ አሁን እዚያም ነበረ።»

ጃርቱ ተቀየመ። «ይህን ያህል ዘመን ልጅሽን ጠብቄ!»

ውርንጭላዋ የእናቷን ድምፅ ሰምታ ማልቀስ ጀመረች። አህያዋ የልጇን ለቅሶ አወቀችው። ነገር ግን በማን እጅ ሆና እንደምታለቅስ አላወቀችም። ቃሏ አፏ ድረስ መጥቶ ዋጠችው።

«የተሰነጠቀውን አሰማኝ» አለች።

ጃርቱ እያጉረመረመ ወደ ጥግ ሄዶ መታው። ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሻክሯል፤ ግን እሱው ነበር። አስከትሎ አዲሱን መታ። አህያዋ ሁለቱንም በጥሞና አዳመጠች፤ ከዚያም አፏን ከእሾሁ አስጠግታ ቃሏን አንሾካሾከችና ገብታ ልጇን አጠባች።

«ያ እዚያ የሚጮኸው ማነው?» አለ ጃርቱ።

«ቃሌን ሲጠብቅ የነበረ።»

ጃርቱ ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ከመለወጡ በፊት በቀን ብርሃን ሁሉንም ጠርቶ አዲሱን ያሰማል፤ እስኪለምዱትም አሮጌውን አብሮ ይመታል። እንደ ድሮው ድንጋይ ሳይመታ እንነጋገር ለሚል ግን ዘመዱም ቢሆን አይመልስም።

ከዚህ የምንማረው፣ ታማኝ ጠባቂ «እመኑኝ» ብሎ የሚቆጣ ሳይሆን፣ ሲለወጥ አስቀድሞ የሚያስታውቅና ሲጠየቅ ማንነቱን ሳይቀየም የሚያሳይ መሆኑን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ እታፈራሁ ቤት ጎራ አልኩ። ፊቷ ቆሜ መጀመሪያ በአሮጌው ቁጥሬ፣ ከዚያ በአዲሱ ደወልኩላት። «አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ የደወለችልኝ ሌባ?» አለችኝና አዲሱንም በስሜ ስልኳ ላይ ያዘችው።