በሸለቆው ማዶ የተፈታው ከፈን

በየመን ተራሮች ራስ ላይ፣ ግንቧ የፈራረሰ፣ ስሟም ከሰው አፍ የጠፋ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ገመድ እየገመዱ የሚኖሩት ሽማግሌ ሸህ ዑበይድ የዚያች ከተማ ሰው ናቸው። ሐጅ የደረሳቸው በስተርጅና ነው። መካ ላይ፣ ሲሞቱ የሚገነዙበትን ከፈናቸውን በተባረከው የዘምዘም ውሃ ነክረው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ውሃ እንዳያስገባ ቅቤ በጠጣ የቆዳ ከረጢት ውስጥ ሰፍተው ያዙት። ሐጃጅ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እሳቸው ግን ሚስትም ልጅም ስለሌላቸው፣ ወደ ቀብር የሚሸኛቸው ዘመድ ያ ጨርቅ ብቻ ይመስላቸው ነበር።

በመልሱ መንገድ ሩመይሳ የምትባል ወጣት እናት አብራቸው ነበረች። ባሏን ንዳድ ወስዶባት መካ ቀብራዋለች። የቀሯት ጡት ያልጣለችው ልጇ ሉብናና አንካሳ ግመሉን የሚስበው ወንድሟ ሙቅቢል ናቸው። አሸዋው አላልቅ አላት። ጡቷ ሊደርቅ ደርሷል። ውሃ ለጉሮሮም ስላልበቃ ቅፍለቱ በሙሉ የሚሰግደው በተየሙም ነው፤ አሸዋ ነክቶ ፊትንና እጅን ማበስ። ሩመይሳ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሶላት እንደሚታጠቡት በውሃ ዉዱእ አድርጋ ለባሏ ዱዓ ማድረግ ናፈቃት። ሌላ ምኞት አልቀረላትም።

ከተራሮቹ ሥር ሲደርሱ፣ ደረቅ ነው ያሉት ሸለቆ ውሃ ሲወርድበት አገኙት።

“ላይ ተራራው በደመና ጠቁሯል፣ አትውረዱ” አለ ሙቅቢል። ማን ይስማው? ግመሎቹ እንኳ አልሰሙትም። ሩመይሳም ልጇን እንዳቀፈች ወረደች። ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ታጠበች፤ ክንዷን ስትጀምር ጎርፉ ደረሰ።

ሰዉን አላህ አተረፈው። ጭነቱ ግን አንድም ሳይቀር ራሰ። ሙቅቢል እህቱን ጎትቶ ሲያወጣት ሕፃኗ ተነክራ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ማዶ ተሻግረው የአለት ጥግ እንደያዙ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ በረዶ ጀመረ። ሲያቃጥላቸው የከረመው አገር አሁን ጥርስ ለጥርስ ያፋጫቸው ጀመር። እንጨቱ ርሷል፤ እሳት የለም።

“ደረቅ ጨርቅ ያለው ሰው የለም ወይ?” አለች ሩመይሳ።

ሁሉም የራሱን ልብስ ይጨምቃል። ሸህ ዑበይድ ከረጢታቸውን አውጥተው ስፌቱን በጥርሳቸው ይበጥሱ ጀመር።

“ይተዉ ሐጂ” አለ ሙቅቢል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ። “የእህቴ ልጅ ናት፣ ሥጋዬ ናት። ግን ዓይኗን አይተውታል፤ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ አትቆይም። ይኼን ጨርቅ ደግሞ ከየት ያመጡታል? በዚህ ዕድሜዎ መካ ሊመለሱ ነው?”

“ይኼን ያህል አርቀህ የምታስብ ሰው ያን አንካሳ ግመል ለምን ገዛህ? በል ጫፉን ያዝልኝ።”

ሩመይሳ ግን ልጇን ወደ ኋላ ሸሸገቻት። “አይሆንም ሸሁ። ዘምዘም የነካው ነው፤ ትሸናበታለች። ልጄን ለውሃ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እርስዎን ደግሞ ያለ ከፈን አላስቀርም።”

“ብትሸናበት ምን ቸገረኝ” አሉ። “የሚሸናው በሕይወት ያለ ነው። ስጪኝ ልጄ።”

ጠቀለሏት። ቆይቶ ለስለስ ያለ ሙቀት መጣላት፤ እውነትም ሸናችበት። ሸሁ ሳቁ። ሩመይሳ ከመካ ወዲህ የሰው ሳቅ የሰማችው ያኔ ነው። መግሪብም አለፈ፤ ሉብና ጡት ፈልጋ አፏን ከፈተች። ሩመይሳ ተስፋ አደረገች፤ ማድረጓ ነው የጎዳት። ሊነጋ ሲል ልጅቷ ጡቱን እንደያዘች ቀዘቀዘች።

ፀሐይ ስትወጣ አለቱ ላይ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አጠቧት። ከፈኑንም አጥበው አደረቁት። ሙቅቢል ለሕፃን የሚበቃውን ለክቶ፣ የተረፈውን ለሸሁ ሊያስቀር ቢላውን ሲያወጣ ሽማግሌው እጁን ያዙት።

“ሙሉውን ለብሳ ነው ያደረችው” አሉ።

ሰግደውባት ቀበሯት። ሩመይሳ አላለቀሰችም፤ ዕንባዋም ደርቋል። “በከንቱ አስፈታሁዎት” አለች። “ሙቅቢል ልክ ነበር።”

ሸህ ዑበይድ አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። “ለሞት ያስቀመጥኩት ጨርቅ አንድ ሌሊት ለሕይወት አገለገለ። እኔ ለብሼው ከዚህ የበለጠ ምን ይሠራልኝ ነበር?”

ሩመይሳ በዚህ ቃል ተጽናናች ተብሎ አልተወራም። ልጅ በቃል አይተካም። ሸሁም በኋላ በምን ተከፍነው እንደተቀበሩ የነገረን የለም። እኛ ግን የበረደው ሰው አጠገባችን ሲንቀጠቀጥ፣ “ይኼስ አይተርፍም” ብለን እጃችንን የምንሰበስብ ብዙ ነን፤ ስስታችንንም ማስተዋል አድርገነዋል። መትረፍና አለመትረፍ የአላህ ቀደር፣ የእሱ ውሳኔ ነው። ለእኛ የተተወልን ከረጢቱን መፍታት ነው፤ እሱም አላህ ዘንድ የሚጻፍልን በኒያችን፣ በልባችን ሐሳብ ልክ ነው።