አህያ ጓዟን ለሸለምጥማጥ የሰጠች ጊዜ

ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆችም ብትሰሙ አትጎዱም። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ የአገሩንም ስም የነገረኝ የለም። እንስሳት እንደ ሰው ስለት በሚሳሉበት፣ ስለታቸው ሲሰምር ስንቅ ቋጥረው ሩቅ ደጅ በሚሳለሙበት በዚያ ጊዜ አንዲት አህያ ነበረች።

የዚህችን አህያ ውርንጭላ ጅብ ነከሳት። ቁስሉ ከፋ፤ ውርንጭላዋ እህል ውኃ አልል አለች። አህያዋም ወደ ሩቁ ተራራ ዞራ፣ “ልጄን ብቻ አትርፍልኝ እንጂ ለደጅህ ነዳያን አንድ ስልቻ ገብስ አደርሳለሁ። እኔም እንደ ልማዴ ተጭኜ አልመጣም፤ እንደ ወጉ ጀርባዬን ባዶ አድርጌ፣ በእግሬ መጥቼ እሳለማለሁ” ብላ ተሳለች።

ውርንጭላዋ ዳነች። ድና ብቻ አልቀረችም፤ የእናቷን ጭራ እየነከሰች አስቸገረች።

የተራራው በዓል ሲቃረብ አህያዋ ስልቻውን ሞልታ አፉን አሰረች። ልትነሣ ስትል ነገሩ ገባት። ገብሱ መድረስ አለበት። ጀርባዋ ባዶ መሆን አለበት። ስልቻ ደግሞ እግር የለውም።

“አይ እኔ! ስሳል ትንሽ ባስብ ምን ነበረበት?” አለች። ግን ስለት ስለት ነው። አንዱን ባጎድል ጅቡ ለልጄ ይመለሳል ብላ ፈራች። ስልቻውን በጥርሷ እየጎተተች እስከ መንታ መንገዱ ዋርካ ድረስ ወሰደችው።

ከዋርካው ሥር አያ ሸለምጥማጥ ተቀምጧል። ሸለምጥማጥ ድመት ያክላል፤ ጭራው ከራሱ ይረዝማል፤ ዶሮ ያለው ሁሉ ይረግመዋል። እንዲህ እያለ ይጮኻል፦

“እናንተ በባዶ ጀርባ፣ ጓዛችሁ በእኔ! ሳትደርሱ ይደርሳል!”

አህያዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። “አንተ ልጅ፣ ይህን ስልቻ በምንህ ትሸከመዋለህ?”

“እኔ እሸከማለሁ መች አልኩ እትዬ? ዘመድ አለኝ። በየሸንተረሩ ዘመድ አለኝ። በአቋራጭ እየተቀባበሉ ያደርሱታል። እርስዎ ዘና ብለው ይሂዱ።”

“ዋጋህስ?”

“በየማረፊያው ከየጓዙ አንድ እፍኝ። ደግሞ እፍኜን ይዩዋት፤ እፍኝ ትባላለች?” ብሎ ትንሿን መዳፉን ዘረጋ።

አህያዋ መዳፉን አላየችም። ጆሮዋ “እርስዎ” የሚለው ላይ ቀርቷል። አህያን “እርስዎ” ያላት ፍጡር እስከዚያ ቀን አልነበረም። ስልቻውን ሰጠችው።

እሷ ብቻ አይደለችም የሰጠችው። ካለፈው በዓል ቢላ ያመለጠ ወፍራም በግ ነበር፣ ጋሽ ሙክት የሚሉት፤ ስለ መትረፉ አንድ ጥቅል ጨው ለደጁ ይዟል። ቁጣው እንዲበርድለት የተሳለ ጃርትም ነበር፤ እሱ አንድ ከረጢት ሥራሥር ይዟል። ሁለቱም አስረከቡ።

“አንድ ነገር ልንገራችሁ” አላቸው ሸለምጥማጥ። “ይህ የጸሎት መንገድ ነው። አብሮ መሄድ ወሬ ያመጣል፤ ወሬ ደግሞ ስለት ያፈርሳል። ተራርቃችሁ ሂዱ።”

“ወሬኛው ማን ነው?” ብሎ ጃርት እሾሁን አቆመ።

“ማንም አላልኩም አያ ጃርት። ለዚህ ቁጣዎ ነው እኮ የሚሄዱት!”

ጃርት አፍሮ እሾሁን አስተኛና ቀድሞ ሄደ። ሙክት ተከተለ። አህያዋ ኋላ ቀረች።

አሁን ሸለምጥማጥ ያደረገውን ስሙ። የሦስቱን ጓዝ በኮባ ቅጠል ጠቀለለ፤ ተጠቅልሎ ሲታሰር የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ አህያዋን ጠብቆ፣ ጭራውን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ዓይኑን እየጠራረገ ቀረበ።

“እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ! ተራራው ላይ የታመሙ አክስት አሉኝ። ይቺን ጥቅል የሚያደርስልኝ አጣሁ።”

“ዘመዶችህስ?”

“እነሱ የእርስዎን ጓዝ ይዘው ሄዱ እኮ! የእርስዎን ላስቀምጥና የእኔን ላስይዝ?”

አህያዋ ተጨነቀች። “ጀርባዬ ባዶ መሆን አለበት፤ ስለት አለብኝ” አለች።

“አደራ ሸክም ነው እንዴ እትዬ? ሸክም ሌላ፣ አደራ ሌላ! ደጁ ጋ ሲደርሱ ያስረክባሉ፤ በባዶ ጀርባ ይሳለማሉ።”

በዚያ አገር መንገደኛ አደራ አልቀበልም አይልም። የተቀበለውንም አይፈታም፤ ውስጡ ምን ይሆን ብሎ መገመት እንኳ ነውር ነው። አደራ በላ ከመባል ሞት ይሻላል። አህያዋ ጎንበስ አለችና ተጫነች።

ሸለምጥማጥ ሌላውን ጥቅል በቁልቁለቱ አቋራጭ እያንከባለለ ሮጦ ሙክት ፊት ደረሰ። ዓይኑን ጠራረገ። “ጋሼ፣ ተራራው ላይ የታመሙ አክስት አሉኝ…” ሦስተኛውንም በሌላ አቋራጭ እያንከባለለ ሮጦ ጃርት ፊት ደረሰ። “አያ ጃርት፣ ተራራው ላይ የታመሙ አክስት…” ጃርት ተሳደበ፤ ተሳድቦም ተቀበለ።

አህያዋ እየሄደች ጥቅሉ በላብዋ ረጥቦ ጀርባዋን ለበለባት። “ጨው ይመስላል” አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች። “ይቅር በለኝ፤ አልገመትኩም።”

ማረፊያው ጋ ሸለምጥማጥ እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠብቆ፣ “አደራዬን እስኪነጋ እኔው ልጠብቅ፣ እርስዎ ይረፉ” እያለ ተቀበለ። ከጫካው ጀርባ ቅጠሉን ገፈፈ፤ ከየጓዙ እፍኙን ወሰደ፤ የእያንዳንዱን ጓዝ እየገፋ ከየማደሪያው ደጃፍ አኖረ።

አህያዋ ማደሪያዋ ስትደርስ ስልቻዋ ተቀምጧል። “ወይ ጉድ! ሳልደርስ ደረሰ!” አለች። ወገቧ ተቆርጧል፤ ቢሆንም ደስ ብሏታል።

ሙክት ከወዲያ፣ “ዘመኑ ተሻሻለ!” አለ። እሱም ያነክሳል።

ጃርት ብቻ፣ “አደራ ሸክም ካልሆነ ለምን እንዲህ ደከመኝ?” ብሎ አጉረመረመ። ሸለምጥማጥ፣ “የደጁ በረከት ነው፤ ሲቀርቡት ያደክማል” አለው።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሸለምጥማጥ ይጮኻል፦ “እናንተ በባዶ ጀርባ፣ ጓዛችሁ በእኔ! ሳትደርሱ ይደርሳል!” እነሱ ያስረክባሉ። እሱ ይጠቀልላል። እነሱ ይሸከማሉ። በየማረፊያውም ጓዛቸውን አግኝተው ያመሰግኑታል።

እፍኟ ግን እያደገች ሄደች። ሸለምጥማጥ ገብስ አይበላም፤ ገብስ የሚበላ ግን ይበላል። ገብሱን በትኖ ዶሮ ይጠራል፤ ዶሮዋን በሙክት ጨው ያጣፍጣል፤ ከጎኗ የጃርትን ሥራሥር ይደረድራል። እንዲህ ያለ ኑሮ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ የመጨረሻው ማረፊያ፣ ከተራራው ሥር ያለው ምንጭ ጋ ሲደርሱ፣ ጓዙን ሙሉውን ለማስቀረት አሰበ።

ማሰቡ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ሸክሙ ነው። እሱ ቁልቁለት ያንከባልላል እንጂ አንዱንም ዳገት ማውጣት አይችልም። ለሌብነቱም ተሸካሚ አስፈለገው።

“እትዬ፣ አክስቴ ቦታ ቀየሩ” አላት በጠዋት። “ከደጁ ዝቅ ብላ ባለችው ዋሻ ውስጥ ናቸው። ባያገኟቸው አፏ ላይ ያስቀምጡና ይሂዱ።”

ያን ቀን በቸኮለበት የጫናት የራሷን ስልቻ ነበር። አህያዋ ዳገቱን እየወጣች አሸተተች። ገብስ! የቤቷ የሚመስል ገብስ! “አክስቱ ደግሞ ገብስ ይወዳሉ ማለት ነው” አለችና እንደገና ምላሷን ነከሰች።

ዋሻዋ ጋ ደረሰች። “ቤቶች!” አለች። ዝም። “የታመሙት እናት! እግዜር ይማርዎ፣ አደራ ይዤ ነበር!” ዝም። አንገቷን አስገብታ አየች፤ የዶሮ ላባ ብቻ አለ።

ፀሐይ ከአናት አልፋለች። የደጁ በር ማታ ይዘጋል፤ በዓሉም ዛሬ ያበቃል። ጥቅሉን አስቀምጣ ብትሄድ ጀርባዋ ባዶ ነው፤ ስለቷ ይደርሳል፤ ልጇም ከጅቡ ትድናለች። አስቀምጣው ጅብ ቢወስደው ግን አደራ በላ ናት። ይዛው ብትወጣ ስለቷ ይፈርሳል። ከዛፉ ላይ ሸለምጥማጥ ቁልቁል እያየ በሹክሹክታ፣ “ጣይው፣ ጣይው” ይላል።

አህያዋ ልጇን አሰበች። ዕንባዋ መጣ። “አደራ ለጉድጓድ አይሰጥም” አለችና ጥቅሉን እንደተሸከመች ወደ ደጁ ወጣች። ሸለምጥማጥ ከዛፉ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

የደጁ ጠባቂ አባ ጉሬዛ ናቸው፤ ጥቁር በነጭ ካባቸውን ደርበው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። በግቢው የስለት ዶሮዎች ይጭራሉ።

“አባቴ፣ የአያ ሸለምጥማጥን የታመሙ አክስት ያውቋቸዋል?”

“ልጄ፣ ዶሮ ካለበት ግቢ ሸለምጥማጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? እንኳን አክስቱን ጥላውንም አላስገባሁ።”

ንግግራቸው ሳያልቅ ሙክት እያለከለከ ብቅ አለ፤ ከጀርባው ጥቅል አለ። “አባቴ፣ ዋሻው ባዶ ሆነብኝ። የአያ ሸለምጥማጥ አክስት…” ከኋላው ጃርት መጣ፤ እሱም ጥቅል አለው። “ያቺ አሮጊት የት አለች? ወገቤን ገደለችኝ!”

ሦስቱ ተያዩ።

“አንተም?”

“አንቺም?”

“አሮጊቷ ስንት ሆድ አላት?” አለ ጃርት።

በዚህ መሐል ሸለምጥማጥ ተንደርድሮ ደረሰ። “አደራዬን አትንኩ! የአክስቴ መድኃኒት ነው!”

“መድኃኒት?” ብሎ ጃርት በቁጣ ዞረ። ሲዞር እሾሁ የአህያዋን ጥቅል ቀደደው። ገብስ ዷ ብሎ ፈሰሰ። የደጁ ዶሮዎች ያንን አይተው ክንፋቸውን እያራገቡ መጡ፤ ከሸለምጥማጥ አፍንጫ ሥር ለቀማቸውን ቀጠሉ።

ሸለምጥማጥ ዓይኑን ጨፈነ። ምራቁን ዋጠ። “እየጾምኩ ነው” አለ ለራሱ። አንዲት ወፍራም ቀይ ዶሮ ጭራውን ረገጠችው። ያን ጊዜ ጾሙ አበቃ፤ ዘለለ። ዶሮዋ አመለጠች፤ እሱ ሙክት ቀንድ መሐል ተሰካ።

ጥቅሎቹ ተፈቱ። ገብሱ የአህያዋ፣ ጨው የሙክት፣ ሥራሥሩ የጃርት። አህያዋ የራሷን ስልቻ ስታውቅ መሬት ላይ ተቀምጣ በአገሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች። “ተጭኜ መጣሁ! ስለቴ ፈረሰ! ልጄን!”

“ዝም በይ እንጂ፣ ጆሮዬን” አሉ አባ ጉሬዛ። “በሩን ረግጠሻል?”

“አልረገጥኩም።”

“ታዲያ ምን ደረሰና ይፈርሳል? ውረጂና ከምንጩ ጀምረሽ ውጪ። ጀርባሽ ባዶ ይሁን። ገብሱን ደግሞ አደርሳለሁ ያለ ያድርሰው።”

ሁሉም ወደ ሸለምጥማጥ ዞረ።

የፈሰሰውን ገብስ ወደ ስልቻው መልሰው ቀዳዳውን ቋጠሩት። ማውረዱ አላስቸገረም፤ ስልቻው ከፊት፣ እሱ ከኋላ እየተንከባለሉ ምንጩ ጋ ደረሱ። መውጣቱ ነው ጉዱ። ስልቻውን በገመድ ከወገቡ አሰሩለት። ስንዝር ጎተተ፤ ቆመ። ስንዝር ጎተተ፤ ተኛ። ደግነቱ በየማረፊያው የወሰዳት እፍኝ ስልቻውን አጉድላዋለች፤ ታማኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይሞት ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አባ ጉሬዛ የበሩን መዝጊያ ይዘው ቆመዋል። አህያዋ ልታግዘው አትችልም፤ ብትነካው ስለቷ ይፈርሳል። አርጩሜ በጥርሷ ያዘችና ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችውን ሁሉ አወረደችበት።

“ሂድ! ምን ይገተርሃል? ሰነፍ! በልተህ ብቻ! ሂድ እልሃለሁ!”

“እትዬ፣ እባክዎ…”

“እርስዎ አትበለኝ! ዳገቱ ገና ነው!”

ሙክት ከላይ ሆኖ፣ “ጎትት!” ይላል። ዶሮዎቹ ከኋላ የተንጠባጠበውን እየለቀሙ ይከተላሉ። ጃርት ሳቀ፤ ተናዶ ኖረና ሳቁ ሲመጣ ማቆም አቃተው፤ እሾሁ እየተንቀጫቀጨ ተንከባለለ። የሱም ስለት ሰመረ።

ስልቻው በሩን ሲያልፍ የፀሐይ ጫፍ ብቻ ቀርታ ነበር። አህያዋ ተከትላ ገባች። ጀርባዋ ላይ ከነፋስ በቀር ምንም አልነበረም። ደጁን ተሳለመች። ከዚያ ማን ያያል ሳትል ሣሩ ላይ ተኛች፤ አራት እግሯን ወደ ሰማይ አንሥታ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለች። ገብሱ ለነዳያን ተዳረሰ። ቤቷ ስትመለስም ውርንጭላዋ ደጅ ላይ እየዘለለች ነበር።

ሸለምጥማጥ ስልቻው አጠገብ ተዘርግቶ ቀረ። ያቺ ቀይ ዶሮ መጥታ አናቱ ላይ ቆመች፤ ዓይኑን ገልጦ ሊያያት እንኳ አቅም አልነበረውም። ወሬው በመንገዱ ሁሉ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ሸለምጥማጥ በቀን መንገድ አይወጣም፤ ያየው ሁሉ “አያ፣ ይቺን ጓዝ እንካ” ይለዋላ።

እኔ ተረቴን በገዛ አፌ አደረስኩ፤ እናንተም በገዛ ጆሯችሁ ውሰዱ። አባቶችም አሉ፦

ሳይሸከም አድራሽ፣ በሰው ጀርባ ደራሽ።