በሸንቁጥ ውኃ የሚከፈተው በር

ከአዋሽ ወዲያ፣ አሮጌው ሐዲድ ከመኪናው መንገድ ጋር ጎን ለጎን በሚሄድበት ቆላ፣ ሸንቁጥ ውኃ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ የሚያልፍ አውቶቡስ ወራጅ ኖረም አልኖረ፣ ከድንጋዩ የውኃ ማጠራቀሚያ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ይዘጋና ጉዞው ይቀጥላል። መንገዱን የማያውቅ ተሳፋሪ ኬላ ይመስለዋል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ሐዲዱ ገና ወደተዘረጋበት ዘመን ይመልሱታል።

እንደሚነገረው፣ ሸንቁጥ ከምንጃር ወርዶ በዚያ ደረቅ ምድር በገዛ እጁ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ነበር። ከባዶ ተነሥቶ ባለመንጋ የሆነው በዚያው ውኃ ነውና፣ ግመል ሲጠጣ ጉንጩን እያየ ስንቴ እንደተጎነጨ ይቆጥር ነበር ይባላል፤ ጎረቤቶቹም «ከሸንቁጥ ውኃ ከመለመን ከበጋ ሰማይ ዝናብ መበደር ይቀላል» እያሉ ያሙት ነበር። የሐዲዱ ሰዎች መጥተው ውኃውን ስጠን፣ ጣቢያ በደጅህ እንሥራ ቢሉት፣ «ያ ጭስ የሚተፋ ፍጥረት በአንድ ትንፋሽ ያደርቀኛል፤ በሩቁ ይለፈኝ» ብሎ ሰደዳቸው። ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ተሠራ፤ ባቡሩም በሸንቁጥ ደጅ ሳይቆም የሚያልፍ ሆነ።

ማንጠግቦሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ሐዲድ ከሚያነጥፉት ሠራተኞች አንዱን ወደደች፤ አባቷ «በሬ እንኳ ለሌለው ልጄን አልሰጥም» ቢል፣ ከሰውየው ጋር ወደ ድሬዳዋ ኮበለለች። ሸንቁጥም ስሟ በቤቱ እንዳይነሣ ከለከለ።

ዘመን አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸንቁጥ ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ ውኃ ሲስብ ባቡሩ መጣ፤ አንዲት ሴት በመስኮቱ እስከ ወገቧ ወጥታ፣ ሕፃን ወደ ላይ አንሥታ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ስትጮህ አየ። ሁለት እጆቹ ገመዱን ጨብጠው ነበር። ቢለቅ መቅጃው ይወድቃል ብሎ ይሁን ወይም ደንግጦ፣ እጁን አላነሣላትም። ገመዱን ጥሎ መሮጥ ሲጀምር ባቡሩ ኩርባውን ታጥፎ ከዓይኑ ተሰውሮ ነበር።

በቅሎውን ጭኖ ከሩቁ ጣቢያ የደረሰው በማግስቱ ነው። የጣቢያው ሰዎች፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ልትወርድ እግሯን አንሥታ እንደነበር፣ ከዚያም «አባቴ አይቶኝ እጁን አላነሣልኝም፤ ምን ልሁን ብዬ እሄዳለሁ?» ብላ እያለቀሰች ወደ ሸዋ እንዳለፈች ነገሩት። ሰው ቢልክም ያገኛት የለም።

ሸንቁጥ ወደ ቤቱ ሳይመለስ የሐዲዱን ሹም ፈለገ።

«ጉድጓዱን ውሰዱ» አለው።

«ዋጋህስ?»

«ባቡር ሁሉ፣ ቢጠማውም ባይጠማውም፣ ደጄ ላይ ይቁም። በሩ ይከፈት። ልጅ ያዘለች ሴት ዕቃዋን ሰብስባ እስክትወርድ ይጠብቅ።»

ሹሙ ሳቀ። «ይኸው ነው?»

«ይበዛባችሁ እንደሆን እንጂ አያንሳችሁም።»

ማጠራቀሚያው ተገነባ፤ ባቡሩ ቆመ፤ ብርቱካን ሻጩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ሁሉም ተከትሎ መጣና ከተማ ሆነ። ጎረቤቶቹ «አይ ሸንቁጥ፣ ገበያን ያህል ነገር በባልዲ ውኃ ገዛ!» እያሉ አደነቁት። እሱ ግን ጭሱ ከሩቅ ገና ሲታይ እጁን አንሥቶ ይቆም ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሸብተሃል እኮ፤ ብትመጣስ ታውቅሃለች?» ስትለው፣ «ጉድጓዱን ታውቀዋለች» ይላት ነበር አሉ።

ልጁን ሳያይ ሞተ። ቆይቶም ውኃ የማይጠጣ፣ በናፍጣ የሚሄድ ባቡር መጣና ውሉ ፈረሰ ተባለ። ያ ባቡር መጀመሪያ ባለፈበት ቀን አስካለ በምርኩዝ ሐዲዱ ዳር ወጥታ ቆመች። ነጂው አያትና አቆመ።

«እማማ፣ የእኔ ባቡር እኮ ውኃ አይፈልግም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። በሩን ብቻ ክፈትልኝ።»

ከፈተው ይባላል።

ማንጠግቦሽ በመጨረሻ መጥታለች የሚሉ አሉ፤ የገባችበትን ቤት ግን የሚያሳይ የለም። ባቡሩም ዝም ካለ ቆየ፤ ልማዱ ወደ መኪናው መንገድ ተሻገረ። ዛሬ በሩ ሲከፈት የቆላው ወበቅ ተግተልትሎ ይገባል፤ ከኋላ ወንበር አንዱ «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ ማንም የለም!» ብሎ ይጮኻል። ረዳቱም እጁን ከበሩ ሳያነሣ፣ «ትንሽ ቆይ» ይለዋል።